ከባለቤቴ ተደብቄ የማስቀምጠው ገንዘብ፦ ስለ አሥራት፣ ስለ ዕዳና ስለ ቤት ሒሳብ

ጥያቄ፦ «እኔም ባለቤቴም አማኞች ነን፤ ሁለታችንም በደመወዝ እንተዳደራለን። ገቢያችን ከብዙዎች የማያንስ ሆኖ ሳለ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ሦስት ቦታ ዕዳ አለብን፤ ሁለቱ ከዘመድ የተወሰዱ ያለ ወለድ፣ አንዱ ግን ወለዱ በየወሩ የሚታሰብ ነው። ባለቤቴ ‹አሥራት ከሁሉ ይቀድማል፤ እግዚአብሔርን ካስቀደምን የቀረው ይስተካከላል› ይላል። እኔ ደግሞ ዕዳ ሳይከፍሉ አሥራት ማውጣት በሰው ገንዘብ መስጠት ሆኖ ይሰማኛል። በዚህ ላይ አንድ ወዳጁ ብድር ሊወስድ ነውና ዋስ እንዲሆነው ጠይቆታል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ከደመወዜ በየወሩ ጥቂት እያነሣሁ እርሱ ሳያውቅ አስቀምጣለሁ። ይህ ኃጢአት ይሆን?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ዋናውን ነገር በመጨረሻ፣ «አንድ ነገር ልጨምር» ብለው አስከተሉት። የቤተሰብ ሒሳብ ሳማክር ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ይህን አመጣጥ ለምጄዋለሁ። ሰው ለመናገር የከበደውን ነገር የሚያወጣው ተሰናብቶ ከተነሣ በኋላ፣ በሩ ላይ ቆሞ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እኔም ከዚያው ልጀምር።

ገንዘብ ማስቀመጥ ኃጢአት አይደለም። የድብቅ ገንዘብ ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚጠቅሰው ሐናንያንና ሰጲራን ነው (ሐዋርያት ሥራ 5)። ጴጥሮስ ግን ለሐናንያ የነገረው መሬቱ ሳይሸጥ የራሱ እንደ ነበረ፣ ከተሸጠም በኋላ ዋጋው በገዛ ሥልጣኑ ሥር እንደ ነበረ ነው። ሞት ያመጣባቸው ከዋጋው ማስቀረታቸው ሳይሆን መዋሸታቸው ነው። ደግሞም እነዚያ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው አልተደባበቁም፤ ተመካክረውና ተስማምተው ነው የዋሹት። ስለዚህ ሰው በእነርሱ ታሪክ ሲያስፈራራዎት አይደንግጡ።

ለእርስዎ ጉዳይ የሚቀርበው የአቢግያ ታሪክ ነው (1 ሳሙኤል 25)። ባሏ ናባል የዳዊትን መልእክተኞች ሰድቦ በመስደዱ ቤቱን ሁሉ ለሞት አጋልጦ ነበር። እርሷ ፈጥና 200 እንጀራ፣ ሁለት አቁማዳ የወይን ጠጅ፣ አምስት የተሰናዱ በጎችና ሌላም ስንቅ በአህያ አስጭና ወጣች፤ «ለባሏ ግን አልነገረችውም» ይላል። በዚህ ድርጊቷ ማንም አልነቀፋትም፤ ዳዊት እንዲያውም ባረካት። ግን ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ማታ ስትመለስ ናባል ሰክሮ አገኘችው፤ ምንም ሳትነግረው አደረች። ሲነጋ፣ ስካሩ ሲበርድለት፣ ሁሉን ነገረችው። የአቢግያ ምስጢር ዕድሜው አንድ ሌሊት ነበር። የእርስዎ ስንት ወር ሆነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቼ ማለፍ አለብኝ። ባል የሚቆምር፣ በመጠጥ የሚጠፋ ወይም እጁን የሚያነሣ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር፤ እንደዚያ ባለ ቤት ለልጆች የሚሆን ገንዘብ ከእጁ ማራቅ ጥበብ ነው፤ ምስጢሩን ደግሞ አንድ የሚታመን ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ሊያውቀው ይገባል። ከጻፉልኝ ግን የማየው እንዲህ ያለ ሰው አይደለም። የማየው ሁለት የፈሩ ሰዎችን ነው። እርሱ በረከት እንዳይርቀው ፈርቶ አሥራቱን ይዟል፤ እርስዎ ክፉ ቀን እንዳይመጣ ፈርተው ጥቂት ገንዘብ ይዘዋል። ሁለታችሁም ያንኑ ቤት ትጠብቃላችሁ፤ ለየብቻ፣ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥታችሁ።

ስለዚህ የቤታችሁ ክርክር ስለ አሥራት አይመስለኝም። መልእክትዎን መልሰው ያንብቡት፤ ከዕዳዎቹ ብዛት በቀር አንድ ቁጥር የለበትም። ስንት ይገባል? ስንት ይወጣል? ወለድ ያለበት ዕዳ ስንት ደርሷል? እርስዎም እርሱም የምታውቁት አይመስለኝም፤ ብታውቁትም አንድ ላይ ተቀምጣችሁ አላያችሁትም። ቁጥር በሌለበት ቤት ደግሞ ባልና ሚስት በጥቅስ ይከራከራሉ።

መጋቢ የሚለውን ቃል በስብከት ደጋግመን ስለሰማነው ትርጉሙ ደብዝዞብናል። መጋቢ የራሱ ያልሆነውን ንብረት የሚያስተዳድር ሰው ነው፤ ሥራው የሚለካውም ጌታው «የመጋቢነትህን ሒሳብ አስረክበኝ» ሲለው በሚያቀርበው ነገር ነው (ሉቃስ 16፥2)። ሒሳብ የሌለው መጋቢ ምንም ያህል ቢጸልይ መጋቢ አይባልም። ቤታችን ያለው ሁሉ የእግዚአብሔር ነው ካልን በኋላ የት እንደ ገባ አለማወቃችን ከየት የመጣ ትሕትና ነው? የንግድ መዝገብ አያያዝን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1494 ቬኒስ ላይ አሳትሞ ያሰራጨው ሉካ ፓቾሊ የፍራንሲስካውያን መነኩሴ ነበር፤ ነጋዴዎችን የመዝገባቸውን መጀመሪያ በእግዚአብሔር ስም እንዲከፍቱ ይመክር ነበር። ሙያዬ ስለሆነ ይሆናል፣ ይህ ነገር ደስ ይለኛል። የገቢና የወጪ ደብተር ከጸሎት መጽሐፍ ጎን ቢቀመጥ የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። አንድ ወር ሙሉ፣ ምንም ሳትለውጡ፣ ማንም ማንንም ሳይወቅስ፣ የወጣውን ሁሉ ጻፉ። ትንሹንም ጭምር። ብዙ ሰው በዚህ ወር ውስጥ ለመታረም ይቸኩላል፤ አትቸኩሉ። ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ሙቀት ይለካል። ሐጌ ደመወዙን በቀዳዳ ከረጢት ስለሚያኖር ሰው ይናገራል (1፥6)፤ ከረጢቱን ከመስፋት በፊት ቀዳዳው የት እንደ ሆነ ማየት ይቀድማል።

ወሩ ሲያልቅ ቁጭ ብላችሁ ስታዩት የምታገኙትን አንድ ነገር ከወዲሁ ልነግርዎት እችላለሁ። የቤት በጀት የሚፈርሰው በዕለት ወጪ ብቻ አይደለም። በየወሩ የማይመጡ፣ ግን መምጣታቸው የተረጋገጠ ወጪዎች ናቸው ቤት የሚያናጉት፤ የትምህርት ክፍያ፣ ልብስ፣ የበዓል ወጪ፣ የቤት ዕቃ ጥገና፣ ሕክምና። በመጡ ቁጥር «ዘንድሮ ያልታሰበ ነገር ገጠመን» እንላለን፤ አምናም እንዲሁ ብለን ነበር። እነዚህን በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝሩ፤ የዓመቱን ድምር ለ12 አካፍሉ፤ የሚወጣውን ቁጥር እንደ ወርሃዊ ወጪ ቁጠሩት። ብዙውን ጊዜ ባልና ሚስቱ ዝም የሚሉት እዚህ ላይ ነው፤ ገቢያችን ይበቃል ብለው ሲያስቡ የኖሩት ይህ ቁጥር ስላልታሰበ ነበርና።

አሁን ወደ አሥራቱ።

ባለቤትዎ ባዶ እጁን አይደለም የሚከራከረው። ምሳሌ 3፥9 እግዚአብሔርን ከሀብትህ፣ ከፍሬህም ሁሉ በኵራት አክብር ይላል፤ በኵራት ማለት ደግሞ የመጀመሪያው እንጂ ትራፊው አይደለም። የሰራፕታዋ መበለትም ምስክሩ ናት (1 ነገሥት 17)። በቤቷ የቀረው አንድ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ነበር፤ ኤልያስ ግን አስቀድመሽ ለእኔ ትንሽ እንጎቻ አድርጊልኝ አላት፤ አደረገች፤ ዱቄቱም አልተጨረሰም። ባለቤትዎ ይህን ቢጠቅስ እውነቱን ነው።

ሌላ መበለት ግን አለች፤ ብዙ አትጠቀስም። የዚያች ባል ከነቢያት ልጆች አንዱ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ዕዳ ትቶ ሞተ። አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ (2 ነገሥት 4)። በቤቷ ያለው አንድ ማሰሮ ዘይት ነበር፤ በኤልሳዕ ቃል ዘይቱ በዝቶ የተዋሰችውን ማድጋ ሁሉ ሞላ። ከዚያ በኋላ ነቢዩ የሰጣትን ትእዛዝ በቅደም ተከተሉ ይመልከቱት፦ ዘይቱን ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈይ፣ በተረፈው አንቺና ልጆችሽ ኑሩ። ከተአምር በመጣ ዘይት ላይ እንኳ ነቢዩ ለራሱ ድርሻ አልጠየቀም፤ የመጀመሪያውን የወሰደው አበዳሪው ነው።

ሁለቱ ታሪኮች አይጣሉም። የሰራፕታዋ ሴት የሰጠችው የራሷን ዱቄት ነበር፤ ብትራብም የምትራበው እርሷ ነች። የሁለተኛይቱ ዘይት ግን ገና ሳይሸጥ ባለቤት ነበረው። መዝሙር 37፥21 ተበድሮ የማይከፍለውን ኃጥእ ይለዋል፤ ቀጥሎም ጻድቅ ይራራል ይሰጣልም ይላል። በአንድ ቁጥር ውስጥ ሁለቱ ተያይዘው መምጣታቸው ለእናንተ ቤት የተጻፈ ይመስላል። ዳዊትም የኦርናን አውድማ በነጻ ልስጥህ ሲባል «ያለ ዋጋ» የሆነ መሥዋዕት አላቀርብም ብሎ ከፍሎ ነው የገዛው (2 ሳሙኤል 24፥24)። ዘመድዎ በስድስተኛው ወር ይመለስልኛል ብሎ ያበደረው ገንዘብ በዓመቱም ሳይመለስ የእኛ ስጦታ ሲወጣ፣ ዋጋውን የከፈለው እርሱ ነው።

ይህን ስል «እንግዲያው ዕዳ እስኪያልቅ መስጠት ይቁም» እያልኩ አይደለም። ስንሰጥ ያልነበርን ሰዎች ዕዳው ሲያልቅም ሰጪ አንሆንም፤ እጅ አለመዘርጋትን ይለምዳል። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ሚዛን ይረዳናል፤ በጎ ፈቃድ ካለ ስጦታው የሚወደደው ሰው እንዳለው መጠን እንጂ እንደሌለው መጠን አይደለም (2 ቆሮንቶስ 8፥12)። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ሁለታችሁ የምትስማሙበትን መጠን ወስኑ፤ ከ100 ሁለትም ሦስትም ይሁን፤ ደመወዝ በገባበት ቀን፣ ከሁሉ በፊት ይውጣ። ባለቤትዎ «ይቀድማል» ያለው ይከበራል። አንድ ዕዳ በተዘጋ ቁጥር መጠኑ ከፍ ይበል፤ መቼ አሥር እንደሚሞላም በደብተሩ ላይ ጻፉት። የእናንተ አገልጋይ ከዚህ የተለየ ሊመክራችሁ ይችላል፤ በዚህ ጉዳይ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ዓይነት አያስተምሩም፤ እርሱንም ሰምታችሁ ወስኑ። ለእያንዳንዳችሁ ደግሞ «የት አደረስኸው፣ የት አደረስሽው» የማይባልበት ትንሽ የግል ድርሻ ይመደብ። ባለቤትዎ ከስምምነቱ በላይ መስጠት ከፈለገ ከዚያ ይስጥ። ያኔ ስጦታው በእውነት ዋጋ ያስከፍለዋል፤ እርስዎም የሚቃወሙበት ምክንያት አይኖርዎትም።

ዕዳውን በተመለከተ ቁጥሩ ራሱ ይናገር። ወለዱ በወር 3 በመቶ ነው እንበል። 100 የነበረ ዕዳ ሳይነካ ቢቀመጥ በዓመቱ 142 አልፎ ከግማሽ ይሆናል፤ በሁለት ዓመት ከእጥፍ ያልፋል። በየወሩ 3 ብትከፍሉ ዕድሜ ልካችሁን ትከፍላላችሁ፤ ዋናው አይነካም። 5 ብትከፍሉ 31 ወር ይፈጃል፤ ወለዱ ብቻ 55 ይሆናል። 10 ብትከፍሉ ግን በአንድ ዓመት ገደማ ትጨርሳላችሁ፤ ወለዱም 21 ያህል ነው። ክፍያው በእጥፍ ሲያድግ ዘመኑ በግማሽ ሳይሆን ከዚያ በላይ ያጥራል። ስለዚህ የምታገኙትን ትርፍ ሁሉ በሦስቱ ላይ አትበታትኑት፤ ወለድ ባለው ላይ አክምሩት። በመጀመሪያ ግን የራሳችሁን ውል አንብቡ፤ ወለዱ በምን ላይ እንደሚታሰብ፣ ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለው እወቁ።

ለዘመዶቻችሁ ትንሽም ቢሆን በየወሩ በታወቀ ቀን ስጡ፤ ከመጀመሪያው ክፍያ በፊትም ሁለታችሁ ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። ወለድ የሌለው ብድር ርካሽ ይመስላል፤ በዝምታ በቆየ ቁጥር ግን የሚበላው ዝምድናን ነው። ተበዳሪ መንገድ ቀይሮ መሄድ ሲጀምር፣ ምሳሌ 22፥7 ተበዳሪ የአበዳሪ ባሪያ ነው ያለው ምን ማለት እንደ ሆነ ያኔ ይገባዋል።

ስለ ዋስትናው አጭር ነኝ። ባለቤትዎ አይፈርም። ዋስ ማለት ገንዘቡን ያልወሰደ ተበዳሪ ነው። የምሳሌ መጽሐፍ በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ያስጠነቅቃል (6፥1-5፣ 11፥15፣ 17፥18)፤ በ22፥27 ላይ ደግሞ የምትከፍለው ከሌለህ የተኛህበትን ምንጣፍ ለምን ይወሰድብህ ይላል። ይሁዳ ለብንያም ዋስ ሆኗል ቢባል፣ እርሱ ቀኑ ሲደርስ በብንያም ፈንታ ባሪያ ልሁን ብሎ ራሱን አቅርቧል። መለኪያዬ ይህ ነው፤ ሙሉውን ገንዘብ ነገ ክፈል ብትባሉ ሳታዝኑ እንደ ስጦታ መክፈል የምትችሉ ከሆነ ፈርሙ። ሦስት ዕዳ ያለበት ቤት ይህን አይችልም። ለወዳጁም «እኔ ራሴ ዕዳ አለብኝ፤ ሚስቴን ሳላስማማ አልፈርምም» ማለት ውርደት አይደለም። ሊረዳው ከፈለገ አቅሙ የፈቀደውን በነጻ ይስጠው።

ወደ ቁጠባው ልመለስ፤ የእርስዎ ድብቅ ገንዘብ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። ዕዳ እያለ ማስቀመጥ ሞኝነት ይመስላል፤ በስሌት ብቻ ከሄድን ያለውን ሁሉ አውጥቶ ወለድ ያለውን መዝጋት ነው የሚሻለው። ግን ባዶ ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ቢታመም ወደዚያው አበዳሪ ነው የሚኬደው። ስለዚህ ለአንድ ወር የግድ ወጪ የሚበቃ መጠባበቂያ ይያዝ፤ ከዚያ ኃይል ሁሉ ወደ ዕዳው ይዙር፤ ዕዳው ሲያልቅ መጠባበቂያው ወደ ሦስት፣ ከተቻለ ወደ ስድስት ወር ያድግ።

«ይህ አለመታመን ነው» የሚል ሰው ይኖራል፤ ባለቤትዎም ሊል ይችላል። ዮሴፍን አስታውሱት። የሚመጣውን ከእግዚአብሔር ሰምቶ ያወቀ ሰው ነበር፤ ያደረገው ግን ጎተራ መሥራት ነው። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አንድ አምስተኛ እንዲሰበሰብ መከረ (ዘፍጥረት 41፥34)። አንድ ቀን በግርድፉ አሰላሁት። አንድ አምስተኛ ሰባት ጊዜ ቢደመር የአንድ ዓመት ከአምስት ወር ያህል ምርት ነው። ያ ለሰባት የረሃብ ዓመት ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ዓመት የሚደርሰው የደጉን ዘመን አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። እንደ ጥጋቡ ዘመን አልኖሩበትም፤ ከሞት ግን ተረፉበት። መጠባበቂያ የሚሠራው ይህን ነው። ጎተራው የፈርዖን ነበርና በምዕራፍ 47 ሕዝቡ እህሉን ለመግዛት ከብቱን፣ ከዚያ መሬቱን፣ በመጨረሻም ራሱን ሸጠ፤ ስለ ቁጠባ ሲሰበክ ይህ ምዕራፍ ለምን እንደሚዘለል አላውቅም።

ሁሉ መልክ ከያዘ በኋላ የሚመጣ አንድ ፈተና አለ፤ የገቢ መጨመር። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች የሆነው እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ በወጣትነቱ በዓመት 30 ፓውንድ ሲያገኝ በ28 ኖሮ ሁለቱን ሰጠ ይባላል፤ ገቢው 60 ሲሆንም፣ 90 ሲሆንም፣ 120 ሲሆንም በዚያው በ28 ኖረ። እንደ እርሱ ሁኑ አልላችሁም፤ ልጆች ያለው ሰው አይችለውም። ደመወዝ በጨመረ ቁጥር ግን የጭማሪው ግማሽ ኑሯችሁ ውስጥ ሳይገባ ወደ ዕዳው፣ ኋላም ወደ ስጦታና ወደ ቁጠባ ይሂድ። ያልለመዳችሁትን ገንዘብ መተው ከለመዳችሁት መቀነስ ይቀልላል።

ይህ ሁሉ ግን የሚጀመረው እርስዎ ያስቀመጡትን ሲነግሩት ነው። የደበቁት እርስዎ ስለሆኑ የመጀመሪያው ቃል የእርስዎ ነው። ደመወዝ ካለቀ በኋላ ባለው ሳምንት አይሁን፤ በዋስትናው ነገር ስትከራከሩም አይሁን፤ ያኔ ገንዘቡ የክርክር ማሸነፊያ ይመስላል። ስንት እንደ ሆነ በትክክል ቆጥረው፣ «ፈርቼ ነው ያስቀመጥሁት» ይበሉት። «አንተን ስላላመንሁህ» ማለት እውነት ከሆነ እርሱንም ይናገሩ፤ ካልሆነ ግን በንዴት አይጨምሩት። ሊቆጣ ይችላል። ቢቆጣ መብቱ ነው፤ ወዲያው አይመልሱለት። ገንዘቡ የአንድ ወር መጠባበቂያ ከሆነ ለዚያ ይመደብ፤ ካነሰም መጀመሪያው እርሱ ይሁን፤ ሁለታችሁ የምታዩት ቦታ ይቀመጥ።

ደብተሩን ግን በዚያው ማታ አያውጡት። አቢግያም እስኪነጋ ጠብቃለች።